ተማሪው ስለ ሥራው ምን ይላል? ራስን መገምገምንና የመምህር አስተያየትን አንድ ላይ የማስኬጃ መመሪያ

የታረመ አሳይመንት በምትመልሱበት ቀን ክፍሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ወረቀቱ እጃቸው ሲገባ ዓይናቸው የሚያርፈው ማርኩ ላይ ነው። ቀጥሎ የጎረቤታቸውን ማርክ አጮልቀው ያያሉ። ከዚያ ወረቀቱ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እናንተ አምሽታችሁ በየኅዳጉ የጻፋችሁት ሁሉ ሳይነበብ አብሮ ይታጠፋል።

እኔም ለዓመታት እንዲህ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አስተያየቴ ያነሰ መስሎኝ አበዛሁት። በሚቀጥለው ሥራ ያው ስህተት ተመልሶ መጣ። አሳጠርኩት፣ አቀለልኩት፣ በቁጥር ዘረዘርኩት፤ ለውጡ ያን ያህል አልነበረም። ቆይቶ የገባኝ፣ ተማሪው ስለ ራሱ ሥራ ምን እንደሚያስብ አንድም ቀን ሳልጠይቀው መልስ እየሰጠሁት እንደነበር ነው። እሱ «ማስረጃዬ ጠንካራ ነው» ብሎ አምኖ ያስረከበውን ሥራ እኔ «ማስረጃ ይጎድለዋል» ብዬ እመልሳለሁ። ሁለታችንም «ማስረጃ» ስንል የተለያየ ነገር እያሰብን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

አሁን አካሄዱን ገልብጨዋለሁ። መጀመሪያ ተማሪው ሥራውን ይገመግማል። ከዚያ እኔ ለሥራው ብቻ ሳይሆን እሱ ለሰጠው ግምገማም መልስ እሰጣለሁ። ዋናው ነገር ይቺው ናት። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ መምህራቸው ይህን የማያደርግላቸው ተማሪዎች ብቻቸውን እንዴት ሊሠሩበት እንደሚችሉ ጽፌያለሁ።

ደረጃ 1፦ ከአንድ አሳይመንት ጀምሩ፣ ለራስ ግምገማው ማርክ አትስጡ

ኮርሱን በሙሉ ለመቀየር አትነሱ። አንድ ሥራ ምረጡ። ሴሚስተሩ ሳይጋመስ የሚገባ ይሁን፤ ከሱ በኋላ ደግሞ ተመሳሳይ ችሎታ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ይኑር። ይሄ ሁለተኛው ነጥብ እንዳይረሳ። ተማሪው የተነገረውን የሚሞክርበት ቀጣይ ሥራ ከሌለው አስተያየታችሁ የት ይውላል? ፋይናል ፕሮጀክት ላይ የሚጻፍ ረጅም አስተያየት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው የሚሆነው።

ተማሪው ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ከውጤቱ ጋር አይደመር። ከተደመረ ስለ ሥራው ማሰቡን ትቶ ስለ ቁጥሩ ማስላት ይጀምራል። ደፋሩ ይጨምራል፣ ይሉኝታ የያዘው ይቀንሳል፣ እውነቱን የጻፈው ይጎዳል። የግድ የሆነ ነጥብ መስጠት ካለባችሁ ለመሥራቱ ብቻ ስጡ፤ የራስ ግምገማ ቅጹን (ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ) በምክንያት ሞልቶ ያመጣ ሁሉ እኩል ያግኝ።

ይህን ክፍል ውስጥ በግልጽ ተናገሩት። «ድክመታችሁን ብትጽፉ በዚያ ምክንያት ማርክ አልቀንስም» በሏቸው። ቃላችሁንም ጠብቁ። አንድ ተማሪ እናንተ ያላያችሁትን ጉድለት በራሱ እጅ ጽፎ ቢያመጣና በሱ ሰበብ ሁለት ነጥብ ብትቆርጡበት፣ ወሬው ለሴክሽኑ በሙሉ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ እውነት የሚጽፍላችሁ ሰው አታገኙም።

ደረጃ 2፦ መመዘኛውን ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ጻፉት

አውስትራሊያዊው የትምህርት ተመራማሪ ሮይስ ሳድለር እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጽሑፍ ላይ ተማሪ ሥራውን ለማሻሻል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት። የራሱን ሥራ ከዚያ ጋር ማስተያየት መቻል አለበት። ልዩነቱን የሚያጠብብ ነገር መሥራት አለበት። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። እኛ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ራሳችን እንሠራለትና የመጀመሪያውን ያውቀዋል ብለን እናልፋለን።

ያውቀዋል? በየሩብሪኩ፣ ማለትም በየመመዘኛ ሠንጠረዡ፣ የምንጽፈውን እስቲ እዩት። «ሂሳዊ ትንተና ይታይበታል።» «በቂ ጥልቀት አለው።» «ማስረጃ በአግባቡ ቀርቧል።» ለእኛ ለለመድነው ትርጉም አለው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግን «በቂ» ማለት ስንት ገጽ እንደሆነ ነው የሚያስበው።

ስለዚህ መመዘኛውን ወደ ጥያቄ ለውጡት፤ ተማሪው ሥራውን ይዞ ራሱን ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ ይሁን። «ማስረጃ በአግባቡ ቀርቧል» የሚለው «የደመደምኩት ነገር ካቀረብኩት ማስረጃ ይወጣል ወይስ ከማስረጃው አልፌ ሄጃለሁ?» ይሁን። የላብ ሪፖርት ከሆነ «ሌላ ሰው የጻፍኩትን ብቻ አንብቦ ሙከራውን ሊደግመው ይችላል?» ይሁን። የፕሮግራሚንግ ሥራ ከሆነ «ተጠቃሚው የተሳሳተ ነገር ቢያስገባ ፕሮግራሜ ምን ያደርጋል?» ይሁን።

ከአራት አታብዙ። ስምንት መመዘኛ ካለ ተማሪው ሁሉም ላይ ከ5 4 እየጻፈ ያልፋል። ከዚያ አስር ደቂቃ ስጧቸውና እያንዳንዱን መመዘኛ በራሳቸው ቃል ጽፈው ለጎናቸው ላለው ሰው እንዲያነቡ አድርጉ። እናንተ በመሃል እየዞራችሁ ስሙ። ያልገባቸው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ደረጃ 3፦ ናሙና ሥራ አብራችሁ አርሙ

መመዘኛ ብቻውን አይበቃም። ጣዕሙን ቀምሶ የማያውቅ ሰው በቃል ነግረነው አይገባውም። ሁለት ናሙና አምጡ፤ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ መካከለኛ። በጣም ደካማ የሆነ አታምጡ፣ ምንም አያስተምርም። ማንም ሰው በጣም ደካማውን ይለየዋል። ከባዱ «ደህና ነው» እና «ጥሩ ነው» መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ነው።

የቀድሞ ተማሪ ሥራ ከሆነ አስፈቅዱ፣ ስሙንም አጥፉ። ፈቃድ ካጣችሁ ራሳችሁ ጻፉት፤ ሁለት ገጽ ይበቃል።

ክፍል ውስጥ እንዲህ አስኬዱት። ለብቻቸው ያንብቡና በመመዘኛው ቁጥር ይስጡ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ሦስት አራት ሆነው ቁጥራቸውን ያስተያዩ፣ የተለያዩበት ላይ ይከራከሩ፤ ሌላ አሥራ አምስት ደቂቃ። በመጨረሻ የእናንተን ቁጥር ግለጡና ምክንያታችሁን ጽሑፉ ላይ እያሳያችሁ አስረዱ። «እዚህ ጋ አነበብኩና ቆምኩ፤ ምክንያቱም ከላይ ያለው አንቀጽ ሌላ ነገር ነበር የሚለው» እያላችሁ። ተማሪ መምህሩ ሲያነብ ጭንቅላቱ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ የሚሰማበት አጋጣሚ ብዙ የለውም። እኔ ከጠቅላላው ሂደት አንድ ነገር ብቻ ያዝ፣ ሌላውን ተው ብባል የምይዘው ይህን ነው።

ይህን ደረጃ ዘላችሁ «ራሳችሁን ገምግሙ» ብትሉ የሚመጣው ግምት የተዛባ ይሆናል። ዴቪድ ደኒንግና ጀስቲን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በፈተናው ከታች ሩብ ውስጥ የወደቁት ተማሪዎች ትክክለኛ ደረጃቸው በአማካይ ከመቶ ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ራሳቸውን የገመቱት ከ62ቱ እንደሚበልጡ አድርገው ነበር። ይሄን ሁልጊዜ ትዕቢት አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው። ሥራውን በደንብ ለመሥራት የሚያስፈልገው እውቀትና ሥራውን ለመመዘን የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ስለሆነ ነው። በዚያው ጥናት ስለ ሎጂክ አጭር ሥልጠና ሲሰጣቸው ግምታቸውም ወደ እውነቱ ተጠግቷል። መመዘን ይማሩታል ማለት ነው። ናንሲ ፋልቺኮቭና ዴቪድ ቦውድም እ.ኤ.አ. በ1989 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ከፍ ያለ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎች ከጀማሪዎቹ ይልቅ ለመምህሩ የቀረበ ግምት እንደሚሰጡ አግኝተዋል።

ደረጃ 4፦ ግማሽ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ

ቅጹ አጭር ይሁን። የእኔ አምስት ጥያቄ አለው፤ እንዳለ ውሰዱት፣ ለኮርሳችሁ እንዲመች ቀይሩት።

ከሥራህ ውስጥ በጣም የምትተማመንበት ክፍል የቱ ነው? ገጹንና አንቀጹን ጥቀስ፤ ለምን?

በጣም ያልረካህበትስ? ለማስተካከል ምን ሞከርክ? የት ላይ ያዘህ?

ለእያንዳንዱ መመዘኛ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ስጥ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ጻፍ።

ሁለት ቀን ቢጨመርልህ መጀመሪያ የምትነካው የቱን ነው?

እኔ በምን ላይ አስተያየት እንድሰጥህ ትፈልጋለህ? አንድ ነገር ብቻ።

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትተዋት። ተማሪው ጠይቆ ያገኘውን መልስ ያነበዋል። የጠየቀው ራሱ ነውና።

መጀመሪያ ላይ የሚመጣው መልስ ደረቅ ነው። «ጥሩ ይመስለኛል።» «የተቻለኝን አድርጌያለሁ።» «ጊዜ አጠረኝ።» በዚህ አትናደዱ፤ ተጠይቀው ስለማያውቁ ነው። ናሙና አሳዩአቸው። ደካማው መልስ እንዲህ ነው፦ «መግቢያው ጥሩ ነው፣ ማጠቃለያው ትንሽ ይቀረዋል።» ጠንካራው እንዲህ ነው፦ «ገጽ 3 ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ሁለቱን ንድፈ ሐሳቦች አነጻጽራለሁ ብዬ ጀመርኩና አንዱን ብቻ አብራርቼ ወጣሁ። ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ከመጀመሪያው የሚለይበት ነጥብ አልጠራልኝም።» ሁለተኛውን ያነበበ መምህር ምን ብሎ እንደሚመልስ ያውቃል። የመጀመሪያውን ያነበበ ምንም አላወቀም።

ቅጹን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አስሞልተው የሚያመጡ ይኖራሉ። ገጽና አንቀጽ መጠየቅ፣ ምን ሰርዘው ምን እንደተዉ መጠየቅ ነገሩን ያከብደዋል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘጋውም። የጠረጠራችሁት ካለ ሦስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ «ይቺን አንቀጽ ለምን ነው ያልወደድካት?» ብላችሁ ጠይቁት። ክስ አይሁን፣ ወሬ ይሁን። ቅጹ ማርክ ስለሌለው ሊዋሽበት የሚገፋው ነገርም ብዙ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ቅጹ የሚሞላበትን ጊዜ ለዩት

ማስረከቢያው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የተሞላ ቅጽ አይረባም። ሥራው አርብ የሚገባ ከሆነ ቅጹ ቅዳሜና እሁድን አሳልፎ ሰኞ ይግባ። ሰው የጻፈውን ትንሽ ሲርቀው ነው ደህና አድርጎ የሚያየው። ከዚህም የተሻለ አለ፤ ረቂቁን ከቅጹ ጋር ተቀበሉ፣ አስተያየት ስጡ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ተቀበሉ። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ከቻላችሁ አድርጉት።

በምንም መንገድ ግን ቅጹ ማርኩ ከታወቀ በኋላ አይሞላ። ማርኩን ያየ ተማሪ የሚጽፈው የማርኩን ማብራሪያ ነው።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ሥራውን፣ ቀጥሎ ቅጹን አንብቡ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሥራውን አንብቡ። ማርኩን በየመመዘኛው ለብቻ መዝግቡ። ከዚያ ብቻ ቅጹን ክፈቱ። ቅጹን አስቀድማችሁ ካያችሁ የተማሪው ቁጥር ሳታውቁት እጃችሁን ይጎትተዋል፤ ራሱን 2 የሰጠ ተማሪ ሥራ ላይ ጉድለት መፈለግ ትጀምራላችሁ። በደረጃ 1 የገባችሁትን ቃልም የሚጠብቅላችሁ ይሄው ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ዓይናችሁ ልዩነቱ ላይ ይሁን።

ተማሪው ከእናንተ በጣም ከፍ አድርጎ ከሰጠ፣ መመዘኛውን እንዴት እንደተረዳው ምክንያቱን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው የሚገኘው። በጣም ዝቅ ካደረገ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በልማድ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ነው፤ «ማን ራሱን ያመሰግናል» ብሎ ያደገ ሰው 5 ለመጻፍ እጁ አይታዘዝለትም። ሌላው ግን ጥሩ የሠራውን ነገር ጥሩ መሆኑን የማያውቅ ነው። ይሄኛው ያሳስበኛል። ያላወቀውን ነገር በሚቀጥለው ሥራ ሊጥለው ይችላል። ለሱ ስህተት ከመንገር በፊት «ይቺን የሠራሃትን ነገር አትልቀቃት፤ ጥሩ ያደረጋትም ይሄ ነው» ብሎ በጣት ማሳየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዓይነት በቀላሉ ያመልጣል። ቁጥራችሁ ተመሳስሎ ምክንያታችሁ ሲለያይ። እሱም 3፣ እናንተም 3። እሱ 3 ያለው ፊደል ስለገደፈ ነው፣ እናንተ 3 ያላችሁት ክርክሩ መሃል ላይ ስለተቋረጠ ነው። ቁጥሩ ሲገጥም ተደስታችሁ አትለፉ፣ ምክንያቱን አንብቡ።

ደረጃ 7፦ ለግምገማው መልስ ጻፉ

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። አንድ ምሳሌ ከቅርብ ላሳያችሁ።

አንዲት ተማሪ ስለ ስልክ አጠቃቀምና ስለ እንቅልፍ ቴርም ፔፐር ሠራች እንበል። 40 ተማሪዎች መጠይቅ ሞልተውላታል። ማታ ስልክ የሚያዩት ከማያዩት ያነሰ ሰዓት እንደሚተኙ አገኘች። «ስለዚህ ስልክ እንቅልፍ ያሳጣል» ብላ ደመደመች። ቅጿ ላይ «ማስረጃ፦ 5፤ 14 ማጣቀሻ ተጠቅሜያለሁ» ብላለች። ያልረካችበት ክፍል መግቢያው ነው፤ በጣም ረዝሞብኛል ብላለች። መምህሩ ማስረጃ ላይ የሰጣት 2 ነው።

በድሮው መንገድ ቢሆን የምጽፍላት «ድምዳሜሽ በማስረጃ አልተደገፈም፤ መግቢያውን አሳጥሪ» ብዬ ነበር። እሷም 14 ማጣቀሻዋን እያየች «ይሄ መምህር አንብቦታል እንኳ?» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ እሷ በያዘችው ትርጉም ማስረጃ ሞልቶ ተርፏል። አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«ማስረጃ ላይ ለራስሽ 5 ሰጥተሻል፤ ምክንያትሽ የማጣቀሻው ብዛት ነው። እኔ የሰጠሁት 2 ነው። የተለያየነው ‹ማስረጃ› የሚለውን ለየብቻ ስለተረዳነው ይመስለኛል። እኔ ያየሁት ድምዳሜሽ ካቀረብሽው ነገር ይወጣል ወይ የሚለውን ነው። መጠይቅሽ ያሳየው ማታ ስልክ የሚያዩት ትንሽ እንደሚተኙ ነው። ገጽ 4 ላይ ግን ስልክ እንቅልፍ ያሳጣል አልሽ። እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው ስልክ ያነሱ ቢሆኑስ? ያችን አንቀጽ ይህን ጥያቄ ይዘሽ እንደገና ጻፊያት። መግቢያው እንደረዘመ ያየሽው ትክክል ነው፤ የምጨምርበት የለኝም።»

ርዝመቱን እዩት። ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። መጀመሪያ ግምገማዋን በራሷ ቃል ጠቀስኩ። ልዩነታችንን ሳልሸፋፍን ነገርኳት። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ገመትኩ። አንድ ቦታ በጣት አሳየሁ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፣ አንድ ሥራ ሰጠሁ። ራሷ በትክክል ያየችውን ደግሞ አልደገምኩባትም፤ አየሽው ብዬ መሰከርኩላትና አለፍኩ። ይህች የመጨረሻዋ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለተማሪዋ ግን «ዓይንሽ ይሠራል» ማለት ነው።

አጻጻፍ ላይ ሌላ አንድ ነገር። ጆን ሃቲና ሄለን ቲምፐርሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ግብረ መልስን በአራት ከፍለውት ነበር፤ ስለ ሥራው፣ ስለ አሠራሩ፣ ተማሪው ራሱን ስለሚመራበት መንገድ እና ስለ ተማሪው ማንነት የሚሰጥ። ከአራቱ ለመማር እምብዛም የማይጠቅመው የመጨረሻው ነው ብለዋል። «ጎበዝ ነሽ!» ደስ ይላል፣ ግን ነገ ምን እንደምታደርግ አይነግራትም። «ሰነፍ ነህ» ደግሞ የባሰ ነው። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 የድሮ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶች ሲመረምሩ ግብረ መልስ በአማካይ እንደሚጠቅም አገኙ፤ ከሲሶ በላይ በሆኑት ላይ ግን ውጤቱን ጭራሽ ዝቅ አድርጎታል። አስተያየት መስጠት በራሱ በጎ ሥራ አይደለም ማለት ነው። ትኩረቱ ከሥራው ወጥቶ ሰውየው ላይ ሲያርፍ ሊጎዳ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ማርኩን አዘግዩት

አስተያየቱን ሰኞ ስጡ፣ ማርኩን ሐሙስ። በመሃል ተማሪው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ከአስተያየቱ የተቀበለው ምንድን ነው፣ ያልተስማማበት ወይም ያልገባው ምንድን ነው። እሱን ያመጣ ማርኩን ያያል።

መነሻዬ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት ነው። የተሠራው በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በልጆች ላይ ነው፤ ቢሆንም ክፍል ውስጥ ከማየው ጋር በጣም ይገጥማል። አንዱ ቡድን አስተያየት ብቻ፣ አንዱ ማርክ ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም አገኘ። ፍላጎታቸውና ሥራቸው የተሻሻለው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ ካገኙት ያን ያህል አልተለዩም። ማርኩ አስተያየቱን ዋጠው ማለት ነው።

ተማሪዎች መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ምክንያቱን ንገሯቸውና ቀኑን አታዛንፉ። ሐሙስ ካላችሁ ሐሙስ ይሁን። ማርክ መጠበቅ እንቅልፍ ይነሳል፤ እኛም ተማሪ ሆነን አይተነዋል።

ደረጃ 9፦ ተማሪው ብዙ ከሆነ

80 ተማሪ ካላችሁና ለእያንዳንዱ አስተያየት ለመጻፍ 10 ደቂቃ ከፈጀ ከ13 ሰዓት በላይ ነው፤ ማንበቡ ሳይቆጠር። ይህ አይቻልም፣ ራሳችሁን አታሳምሙ። ትልቁን ልዩነት ብቻ ይዛችሁ መልስ ስጡ። በአራት መመዘኛ ከተለያያችሁ ሰፊው ላይ ጻፉ፤ ለተቀሩት ቁጥሩ ይበቃል። እንዲህ ስታደርጉ ጽሑፉ ወደ 4 ደቂቃ ይወርዳል፤ ስምንት ሰዓት ተረፈላችሁ ማለት ነው። ብዙዎች የተጋሩትን ስህተት ደግሞ ለሴክሽኑ በሙሉ አንድ ገጽ ጻፉ ወይም ክፍል ውስጥ አስረዱ። መጻፍ የሚያደክማችሁ ከሆነ ድምፃችሁን ቅዱ፤ በሁለት ደቂቃ ድምፅ ውስጥ ብዙ ነገር ይገባል፣ ቃናውም ከጽሑፍ ይለሰልሳል።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛው ሥራ ላይ መዝጊያውን አድርጉ

የሁለተኛው አሳይመንት ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ትጨመራለች፦ «ካለፈው አስተያየት ምን ተጠቀምክ? የት ገጽ ላይ ይታያል?» ሥራውን አንብባችሁ ከመዘገባችሁ በኋላ መጀመሪያ ያን ገጽ እዩ። ከተስተካከለ በአንድ መስመር ተናገሩት። ካልተስተካከለ «ሞክረሃል፣ እዚህ ጋ ግን አሁንም አለ» በሉት። ተማሪው የጻፋችሁለትን እንደምታስታውሱ ሲያይ በሚቀጥለው አስተያየታችሁን ታጥፎ እንዲቀር አያደርገውም።

መምህራችሁ ይህን የማያደርግላችሁ ተማሪዎች

እናንተም ብቻችሁን ልትጀምሩት ትችላላችሁ፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ከማስረከባችሁ በፊት ከላይ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች ለራሳችሁ መልሱ። ለየመመዘኛው የገመታችሁትን ቁጥርና ምክንያቱን በደብተር ጻፉ፣ ቀን አድርጉበት። መመዘኛው ካልተሰጣችሁ ጠይቁ፤ «ይህ ሥራ ሲታረም ዋናው የሚታየው ነገር ምንድን ነው?» ማለት ነውር የለበትም። ማርኩ ሲመጣ ግምታችሁን አውጡና አስተያዩት። ተናዳችሁ ከሆነ አንድ ቀን ይለፍ።

ከዚያ መምህራችሁ ጋ ሂዱ። «ማርኬ ለምን አነሰ?» ብላችሁ አትግቡ። ይህች ጥያቄ ማንኛውንም መምህር ወደ መከላከል ነው የምትከተው፤ ውይይቱም ስለ ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደብተራችሁን ይዛችሁ እንዲህ በሉ፦ «መምህር፣ ማስረጃ ላይ ጥሩ ሠርቻለሁ ብዬ ገምቼ ነበር፤ ምክንያቴም ይሄ ነበር። እርስዎ ዝቅ አድርገውታል። የሳትኩት የቱ ጋ እንደሆነ አንድ ቦታ ቢያሳዩኝ?» አንድ ቦታ ብቻ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ያለው ሰው አንድ ቦታ ማሳየት አያቅተውም። የሰማችሁትን ከበሩ እንደወጣችሁ ከግምታችሁ ሥር ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ሥራ ስትቀመጡ መጀመሪያ የምትከፍቱት ገጽ ያ ይሁን።